ጀሶ ከተፈታ በኋላ አልታጠፍ ያለ ጉልበት፦ ምን ያህል ነው መግፋት የሚገባን?

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምጠይቀው ስለ እናቴ ነው። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ ሲሆን የደም ግፊት መድኃኒት ከመውሰዷ በስተቀር ሌላ ሕመም የለባትም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከቤታችን ደጃፍ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ስትወድቅ የቀኝ ጉልበቷ ሎሚ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው አጥንት ከቦታው ስላልተናጋ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ተባለና እግሯ ቀጥ እንዳለ ለስድስት ሳምንት ያህል በጀሶ ታሰረ። ጀሶው ከተፈታ አንድ ወር ሊሞላው ነው።

አሁን ጉልበቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ዘጠና ዲግሪ አይደርስም። ጋደም ስትልም እግሯ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ በቋንጃዋና በፍራሹ መካከል እጄ ያልፋል። ስትራመድ ታነክሳለች፤ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እግሯን አጥፋ መቀመጥ ስለማትችልም ከቤት መውጣት ትታለች። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በቀሩት ቀናት ቤት ውስጥ ምን ያህል መሥራት እንዳለባት ግን በግልጽ የነገረን የለም። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ወጌሻ በአንድ ቀን ያጥፈዋል፤ ከቆየ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል» እያሉ ያስፈሯታል።

ሲያማት ማቆም አለብን ወይስ መግፋት? የሚሻላት ሙቅ ነው ወይስ በረዶ? ማሸትስ ይጠቅማል? ከሁሉ በላይ እሷ ደጋግማ የምትጠይቀኝ «ዳግመኛ መስገድ እችል ይሆን?» ብላ ነው።

ፊዚዮ ከጎንደር

እህቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሕመምተኛን ሳላይ ሕክምና ማዘዝ አይገባኝም፤ ነገር ግን በሥራዬ በየዕለቱ የሚገጥመኝ ጉዳይ ስለሆነ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ፤ እርስዎም ከሚያክሟቸው ባለሙያ ጋር ያመሳክሩት።

የመጀመሪያው ነገር እርስዎ ያልጠቀሱት ነው። ጀሶው ሲፈታ ራጅ ተነሥተው አጥንቱ መግጠሙ ተረጋግጧል? የፊተኛው የጭን ጡንቻ የጉልበትን ሎሚ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጉልበት በታጠፈ መጠን ደግሞ ሎሚው ከጭን አጥንቱ ጋር ይበልጥ ይጫናል። ስለዚህ በቅጡ ያልገጠመን ስብራት በግድ ማጠፍ ስንጥቁን ሊያራርቀው ይችላል። ይህ ሳይረጋገጥ ከዚህ በታች ካለው አንዱንም አይጀምሩ።

ተረጋግጦ ከሆነ፣ ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ጉልበቱን መንገድ ላይ ያስቆመው ምን እንደሆነ ነው። እግሩን ደግፈው ቀስ ብለው ሲያጥፉት መጨረሻው ላይ እጅዎ የሚሰማው ስሜት ብዙ ይናገራል። ሕመምተኛዋ ፈርተው ጡንቻቸውን ካጠበቁ እንቅስቃሴው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ሲረጋጉና ረዘም አድርገው ሲተነፍሱ ግን ጥቂት ይጨምራል። ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ ካለ ዙሪያው ያበጠና ሲታጠፍ የሚወጠር ይሆናል፤ እብጠቱም የጭኑን ጡንቻ ስለሚያሰንፈው መዘርጋቱንም አብሮ ያበላሸዋል። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የሚያቅፈው ሽፋን አጥሮ ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ጠንከር ያለ ሆኖ፣ ሲቆዩበት ግን በጥቂቱ የሚለቅ ነው። አጥንት ከአጥንት የተጋጨ ያህል ደረቅና ምንም የማይለቅ ከሆነ የሚያዋጣው ማንኛውንም እንቅስቃሴ ትቶ ወደ አጥንት ሐኪሙ መመለስ ነው። ከጀሶ የወጡ ሰዎች ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ የሦስቱ ድብልቅ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሁሉም ሰው ግን ችግሩን «ጅማት አጠረ» በሚል ብቻ ይገልጸዋል።

ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ መገጣጠሚያ ሽፋኑ ውሃ እያጣ ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንትም የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው በእንቅስቃሴ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሳልተር ከ1970 ጀምሮ በጥንቸሎች ላይ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ የተጎዳ ልም አጥንት ታስሮ ከሚቀመጥ ይልቅ ሲንቀሳቀስ የተሻለ እንደሚድን አሳይተዋል። እነዚያ የተያያዙ ክሮች እንደ ጠፍር ናቸው፤ ደረቅ ጠፍር በአንድ ጊዜ ቢመነጨቅ ይበጠሳል፣ ቀስ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ቢሳብ ግን ይረዝማል። የጎረቤቶቻችሁ የአንድ ቀን ፈውስ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። የተበጠሰ ሽፋን ይደማል፣ ያብጣል፣ ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳውም ከቀድሞው ይበልጥ አጥሮ ይድናል።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መታጠፉ ሲሆን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አለመዘርጋቱ ነው። ጉልበቱ የማይዘረጋ ሰው በቆመ ቁጥር የጭኑ ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ቶሎ ይደክማል፣ ያነክሳል፣ ሲውል ሲያድርም ወገቡን ያመዋል። ስለዚህ በቀን ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ተረከዛቸውን በተጠቀለለ ጋቢ ወይም በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ያሳርፉና ቋንጃቸው ከሥሩ ባዶ ሆኖ እግሩ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይተዉት። አምስት ደቂቃ ይጀምሩ፤ ሲለምዱት ወደ አሥርና አሥራ አምስት ያድርሱት። እየቀለለ ሲሄድ አንድ ኪሎ ጨው በፎጣ ጠቅልለው ከጉልበቱ በላይ፣ ጭናቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡ፤ ሎሚው ላይ ግን አይደለም። ከዚያ ወዲያውኑ የጭኑን ጡንቻ እያጠበቁ ቋንጃቸውን ወደ ፍራሹ ይጫኑ፤ አምስት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ ነው። በመሳብ የተገኘ እንቅስቃሴ ጡንቻው ካልያዘው በማግስቱ ይጠፋል።

ለመታጠፉ ከተረከዛቸው ሥር ፌስታል አድርገው በለሰለሰ ወለል ላይ ተረከዛቸውን ወደ መቀመጫቸው ይሳቡ። በራሳቸው ጡንቻ መሳብ ሲያቅታቸው ነጠላ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አዙረው በእጃቸው ይርዱት፤ መጨረሻው ላይ ሠላሳ ሰከንድ ይቆዩ፤ ከአንድ ሁለት ጊዜ ዕረፍት በኋላ ይደግሙት። የሚስበው እጅ የእናትዎ የራሳቸው እጅ ይሁን። ሌላ ሰው ሲያጥፋቸው ይፈራሉ፣ የፈራ ጡንቻ ደግሞ ይቆልፋል።

ሕመምን በሚመለከት፣ የመጨረሻውን ከባድ ሕመም አሥር ብንለው፣ እስከ አራት የሚደርስ የመወጠር ሕመም የሚጠበቅ ነው። ካቆሙ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልበረደ ወይም ጉልበቱ በማግስቱ ጠዋት ከትናንቱ ይበልጥ ካበጠ ግን አብዝታችኋል ማለት ነው፤ የሚቀጥለውን ቀን ግማሹን ይሥሩ። ከመሥራታቸው በፊት ሙቅ ፎጣ ጡንቻውን ያፍታታዋል፣ ከሠሩ በኋላ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለአሥር ደቂቃ ያህል እብጠቱን ያበርደዋል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፦ እናትዎ ሲተኙ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ያደርጋሉ?

የሸዋው

ባለሙያው የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ወጌሻ ሲነሣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መመዘን ተገቢ አይመስለኝም። በእኛ አካባቢ ሐኪም ቤት ሳይኖር ስንት የተወለቀ ትከሻና የተሰበረ ክንድ በወጌሻ እጅ ድኗል። የአጎቴ ቁርጭምጭሚት ተወልቆ የመለሱለት አንድ አዛውንት ናቸው፤ ዛሬም ያርስበታል። አሁንም በገጠር ያለ ሰው ፊዚዮቴራፒስት የት ያገኛል?

ፊዚዮ ከጎንደር

ወንድሜ፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ እውነት ስለሆነ አልከራከርዎትም። በአገራችን የፊዚዮቴራፒስቱ ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ያሉትም በአብዛኛው በከተማ ነው። ጥሩ ወጌሻ ገር እጅ እንዳለውና ያየውን መገጣጠሚያ በመዳሰስ እንደሚያውቅም አውቃለሁ።

ልዩነቱ ያለው በጉዳዩ ዓይነት ላይ ነው። የወለቀን መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ከስብራት በኋላ የደረቀን መገጣጠሚያ በኃይል ማጠፍ ሌላ ነው። በተለይ ክርን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ክርኑ ተሰብሮ የዳነ ልጅ «እጁ አልዘረጋ አለ» ተብሎ በቅቤ እየታሸ በግድ ሲዘረጋ፣ በክርኑ ፊት ያለው ጡንቻ ይደማና ደሙ በሚረጋበት ቦታ አጥንት ሊበቅል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ክርን ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴ ብቻውን አይመልሰውም። ለክርን የሚያስፈልገው ደግሞ ያን ያህል ብዙ አልነበረም፤ ከመብላት እስከ ፊት መታጠብ ያለው የዕለት ሥራ አብዛኛው የሚከናወነው ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ነው። የመጨረሻዋን ጥቂት ዲግሪ ለማግኘት ሲባል ያለው ሁሉ ይጠፋል።

ቀላል ማሸት በራሱ ጉዳት የለውም። ከጉልበት በላይ ያለውን የጭን ጡንቻ ማሸት፣ ሎሚውንም በሁለት ጣት ይዞ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሸራተት ይጠቅማል። ሎሚው ወደ ታች ካልተንሸራተተ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ወደ ላይ ካልወጣም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። እጅ እዚያ ላይ ማቆም አለበት።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉልበት ሳይሆን ትከሻ ቢሆንም ጉዳዩ ከዚሁ ጋር ስለሚገናኝ ልጨምር። እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ያለ ምንም አደጋ የግራ ትከሻዬ ያመኝ ጀመር፤ በመጀመሪያ ሌሊት ሌሊት በዚያ በኩል መተኛት አቃተኝ፣ ቀጥሎ ካፖርት ስለብስ እጄን ወደ ኋላ መላክ አልቻልሁም፣ በመጨረሻም መኪና እየነዳሁ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ከማሽኑ ለመቀበል ክንዴን ወደ ውጭ ማዞር ተሳነኝ። ሐኪሟ «የቀዘቀዘ ትከሻ» አለችኝ፤ ስኳር ባለብን ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚበዛም ነገረችኝ።

የማካፍለው ይህን ነው። ጓደኞቼ ጂም ወስደው ክንዴን በላስቲክ እንድጎትት አበረታቱኝ፤ ባደረግሁት ቁጥር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ቴራፒስቷ ስትሰማ አስቆመችኝና በሕመሙ ጊዜ የምሠራውን በጣም ቀላል አደረገችው፦ ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ተንጠለጠለ ማወዛወዝ፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አድርጎ እጅን ወደ ፊት ማንሸራተት፣ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኔዘርላንድ 77 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳለም ነግራኛለች፤ ከሕመሙ ወሰን ሳያልፉ ከተንቀሳቀሱት ውስጥ 89 በመቶው ወደ ጥሩ ውጤት ሲደርሱ፣ ሕመሙን እያለፉ በኃይል ከተሳቡት ውስጥ የደረሱት 63 በመቶ ነበሩ።

ኮርቲዞን መርፌም ወስጃለሁ፤ ሕመሙን ቀንሶልኛል። ነገር ግን ስኳር ያለባችሁ ከወሰዳችሁ ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁ ከፍ ስለሚል በየጊዜው ለኩት። እዚህ ደግሞ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለተወሰነ ቀጠሮ ብቻ ስለሆነ ሥራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቤት ነው የሚሠራው።

ተጠራጣሪው

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሁላችሁም መሳሳብ እንደሚሠራ አድርጋችሁ ነው የምትጽፉት። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ 49 ጥናቶችን አገናዝቦ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ከሰባት ወር ላነሰ ጊዜ የሚደረግ መሳሳብ በመገጣጠሚያ እንቅስቃሴ ላይ ለሕክምና ትርጉም ያለው ለውጥ አያመጣም የሚል ነው። የነርቭ ችግር ያለባቸው ሰዎች ያገኙት አማካይ ጭማሪ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከላይ የተጠቀሱት ሳልተር የፈለሰፉት ጉልበትን ያለማቋረጥ የሚያንቀሳቅሰው ማሽንም ቢሆን የጉልበት መገጣጠሚያ ከተቀየረላቸው ሰዎች ጋር ሲፈተሽ የጨመረው ያንኑ 2 ዲግሪ ያህል ነው። ታዲያ እኚህን እናት በጨው ከረጢት ማሠቃየት ለምን ያስፈልጋል?

ፊዚዮ ከጎንደር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጽሑፉንም በትክክል ጠቅሰዋል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉልኝ። በግምገማው ከተካተቱት ብዙዎቹ ሕሙማን ስትሮክ፣ የጭንቅላት ወይም የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ናቸው፤ በእነሱ ላይ ጡንቻው ራሱ ከአንጎል በሚመጣ ትእዛዝ እየተኮማተረ ስለሆነ አንድ ሰዓት ቢሳብ በቀረው ሃያ ሦስት ሰዓት ይመልሰዋል። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ ጥናቶች የለኩት ከተለመደው ሕክምና በላይ የተጨመረውን መሳሳብ ነው፤ ሁለቱም ወገን እየተንቀሳቀሰ፣ እየቆመ፣ እየተራመደ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ የሚነግረኝ መሳሳብ ብቻውን ብዙ እንደማያመጣ ነው። እንቅስቃሴ አይጠቅምም አላለም።

እኔ ከዚህ የምወስደው፣ በእጄ የምስብበትን ጊዜ አሳጥሬ ሕመምተኛው በአዲሱ ክልል ውስጥ እንዲሠራ ማድረግን ነው። ዛሬ አምስት ዲግሪ የተገኘ ከሆነ በዚያችው አምስት ዲግሪ ከወንበር ተነሥቶ ይቀመጥ፣ ደረጃ ይውጣ፣ እንጨት ያንሣ። ጀሶው ከተፈታ ገና አንድ ወር የሆነው ጉልበት ደግሞ ለዓመታት ከደረቀው ጋር አይነጻጸርም፤ ሽፋኑ ገና እየተስተካከለ ስለሆነ ለእንቅስቃሴ ፈጥኖ ይመልሳል። የጨው ከረጢቱን ያነሣሁት ለማሠቃየት አይደለም፤ እጅ ሳይነካው፣ ሳይፈራ፣ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ለማድረግ ነው። ማሽኑን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ ብዙ ብር የሚጠየቅበት ቦታ ካለ እኚህ እናት ቢቀርባቸው ምንም አይጎድልባቸውም እላለሁ።

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ራጁ ተነሥቷል፤ የአጥንት ሐኪሙም መግጠሙን አይቶ «ማጠፍ ጀምሪ» ብሏታል፤ በወረቀቱም ላይ ተጽፏል።

ስለ ትራሱ ግን እንዴት እንዳወቁ ገርሞኛል። ጀሶው ከተፈታ ጀምሮ በየሌሊቱ ከጉልበቷ ሥር ትራስ እያደረግንላት ነው፤ «ያሳርፈኛል» ስለምትል። ስለ ትራሱ መጠየቅዎን በመስማቷ አልተደሰተችም።

ጨው በፎጣ ጠቅልለን ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን «እግሬን አትንኪው» ብላ ተቆጣች፤ እኔም ነጠላውን ሰጥቻት ወጣሁ። ከበር ሆኜ ሳያት ነጠላውን በሁለት እጇ ጠቅልላ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጉልበቷን ሳይሆን ጣሪያውን እያየች ትስባለች። ፌስታሉ ሲንሸራተት ድምፁ ስለሚሰማ ስታቆምና ስትጀምር ከወጥ ቤት ሆኜ አውቃለሁ። ለውጥ መኖሩን እንዴት እንለካ? መለኪያ መሣሪያ የለንም።

ፊዚዮ ከጎንደር

ትራስ ሁሉም ሕመምተኛ የሚያደርገው ነው። መገጣጠሚያ ሲያብጥ ጥቂት ታጥፎ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ይመቻል፤ ችግሩ ያ የተመቸው አቀማመጥ ሌሊቱን ሙሉ ከቆየ ቀን የተዘረጋውን መልሶ የሚያሳጥረው መሆኑ ነው። ትራሱን ወደ ተረከዛቸው ያውርዱት። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ አይችሉትም፤ እስኪተኙ ድረስ ቢሆንም ይበቃል።

ለመለኪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ተረከዛቸውን ወደ መቀመጫቸው አቅርበው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በሴንቲሜትር ይጻፉ፤ ግራውንም ለኩና ያነጻጽሩት። ለመዘርጋቱ አልጋ ላይ በሆዳቸው ይተኙ፤ እግሮቻቸው ከጉልበት በታች ከአልጋው ውጭ ይንጠልጠሉና የሁለቱን ተረከዝ ከፍታ ልዩነት ይለኩ፤ አንድ ሴንቲሜትር ልዩነት በግምት አንድ ዲግሪ ነው። በየቀኑ አይለኩ። እኛ በጎኒዮሜትር (የመገጣጠሚያን ማዕዘን በሚለካው መሣሪያ) ስንለካ እንኳ የአምስት ዲግሪ ያህል ስሕተት ይኖራል፤ ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከሠሩ በኋላ ሳይሆን ከመጀመራቸው በፊት።

አሁን ወደ ስግደቱ ልምጣ። በሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት የሚጠይቀው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ አንድ የታወቀ ልኬት መሠረት ደረጃ ለመውጣት 83፣ ወንበር ላይ ለመቀመጥ 93፣ ተቀምጦ የጫማ ማሰሪያ ለማሰር 106 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል። ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ግን ከ130 በእጅጉ ያልፋል፤ በተንበረከኩ ጊዜም ክብደቱ የሚያርፈው በዚያው በተሰነጠቀው ሎሚ ላይ ነው። ታክሲው ይቀድማል፤ ከዚያ ደረጃው፤ ስግደቱ መጨረሻ የሚመጣ ነው፤ እንደሚደርሱበትም ቃል አልገባም። በመሀሉ ጊዜ ግን አልጋ ላይ ወይም በወፍራም ፍራሽ ላይ በአራት እግር መደገፍን መልመድ ይቻላል፤ መቀመጫን ቀስ ብሎ ወደ ተረከዝ እየመለሱ፣ ሎሚው ሲወጋቸው እየቆሙ። ይህንን ደግሞ ሐኪማቸው ከፈቀደ ብቻ።

ነርስ ነኝ

ትራሱን በተመለከተ የተባለውን በቃጠሎ ክፍል በየቀኑ እናየዋለን። ክርኑ የተቃጠለ ሕፃን እጁን አጥፎ፣ አንገቷ የተቃጠለች ሴት አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ መተኛት ትመርጣለች፤ ቁስሉ ሲድን ቆዳው በዚያው አቀማመጥ ይኮማተራል። የሚመች አቀማመጥ የሚያኮማትር አቀማመጥ ነው ብለን ለአስታማሚዎች እንነግራለን። እባካችሁ ከአልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ስታስታምሙ እንዴት እንደተኛ ተመልከቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ ባቷ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ከጠነከረ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት የምትሄዱት ወደ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እግር ለሳምንታት ታስሮ ከቆየ በኋላ በደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል፣ እንዲህ ያበጠ ባት አይታሽም።

የሸዋው

ስለ ባቱ የተባለውን አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ያበጠ ባት መጀመሪያ የሚደረግለት ማሸት ነው። ለቤተ ሰብ አስተላልፌዋለሁ።

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)

ቆይቼ በመመለሴ ይቅርታ። ጥቂት ሳምንታት አልፈዋል። ተረከዟ ወደ መቀመጫዋ በጉልህ ቀርቧል፤ ከቋንጃዋ ሥር እጄ ማለፉ ቀርቶ አሁን ጣቶቼ ብቻ ናቸው የሚገቡት። ባለፈው እሑድ ታክሲ ተሳፍራ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መጣች፤ የተቀመጠችው ከሾፌሩ አጠገብ ነው፣ እዚያ እግሯን ጥቂት መዘርጋት ስለሚቻል። ሲመሽ ጉልበቷ አብጦ ነበር፤ በማግስቱ ግማሹን ብቻ ሠርታ ወርዷል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ወንድሜ የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ሊገዛላት ይፈልጋል። ይጠቅማታል?

ፊዚዮ ከጎንደር

ይጠቅማታል፤ ግን ገና ብዙ አትጠብቁበት። ፔዳሉን ሙሉ ዙር ለማዞር ጉልበቱ 105 ወይም 110 ዲግሪ ያህል መታጠፍ አለበት። ስለዚህ ኮርቻውን በጣም ከፍ አድርጉት፣ የመቋቋሚያውን ማስተካከያ ወደ ዜሮ አውርዱት፤ በመጀመሪያ ፔዳሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስከሚችሉት ድረስ ብቻ ያወዛውዙት። አንድ ቀን ሳያስቡት ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ማዞሩ ይቀድማል። ሲዞርላቸው ዳሌያቸውን ወደ ጎን አንሥተው እያታለሉ አለመሆናቸውን ከኋላ ሆነው ይመልከቱ፤ ዳሌ ሳይነሣ በደንብ መዞር ከጀመረ በኋላ ኮርቻውን በየሳምንቱ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ያድርጉት።

የመግዣው ገንዘብ ከበዛ ግን አይግዙት። ደረጃው ደጃፋችሁ ላይ አለ፤ የደጋፊ ብረት ይበየድለትና በጤነኛው እግር መውጣት፣ በታመመው መውረድ ይጀምሩ።